«ሁሉም ስም አንድ ነው» ያለው ሰርቨር

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን አስቀርባችሁ አንብቡት። ወሬው ስለ ኮምፒውተር ነው፣ ግን ለኮምፒውተር ሰው ብቻ አይደለም። የፊደላችን ታሪክ አለበት፣ የስማችን ጉዳይ አለበት፣ የመንግሥት ብርም አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ከጨፋ ሮቢት ተነስቼ በዞናችን ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ከታች ታያላችሁ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ማለቂያ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ቢሮ ሁሉ ይሯሯጣል። እነሱም ጋ የሠራተኛና የባለጉዳይ ስም የያዘ አንድ የዳታቤዝ ሰርቨር አለ። ጠዋት ሲከፈት ደህና ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሲፒዩው መቶ ከመቶ ይሞላል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ከዚያ በኋላ ስም ፈልጎ የሚያገኝ የለም።

በዚያ ቀን አንዲት እናት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለአንድ ማስረጃ ከገጠር ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። ሁለቱን ጊዜ «ስምዎ የለም» ተብለው ተመልሰዋል። ስማቸው ግን ነበረ። ፕሮግራሙ ፍለጋው ጊዜ ሲያልፍበት «አልተገኘም» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ሠራተኛዋም ያየችውን ነው የነገረቻቸው። ማሽን ስለደከመው ሰው ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው።

አለቃው ጠረጴዛ ላይ የአዲስ ሰርቨር ግዢ ደብዳቤ ተረቅቆ ተቀምጧል። እውነቱን ልናገርና፣ በመጀመሪያው ቀን እኔም ከደብዳቤው ጎን ነበርኩ። «ማሽኑ አርጅቷል» አልኩ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ቀዘቀዘ፣ ተመሰገንኩ፣ ምሳም ተጋበዝኩ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

ችግሩን መጨረሻ ላይ ያገኙት የመዝገብ ቤቱ ሐጂ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። እሳቸው ያሉትን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

*

መቶ ከመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

ጨፋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ ቦርከና የሚያርሰው የጨፋ ረግረግ ሣር አይጠፋውም። አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም ከብቱን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል። አንድ ማጠጫ ገንዳ አለ እንበል። ከብቱ ጥቂት ሲሆን ማንም አይጠብቅም። ከብቱ ሲበዛ መጠበቁ በልኩ ይጨምራል ብለን እናስባለን፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆለፋል።

ይህን በሒሳብ ማሳየት የጀመረው አግነር ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1909 እ.አ.አ. ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ የሰልፍ ሒሳብ የሚባለው ዘርፍ ከዚያ ተነሳ። ከዚያ ሒሳብ በጣም ቀላሉን ልስጣችሁ። አንድ አገልጋይ አለ፣ ሰው ሳይቀጣጠር በየፊናው ይመጣል፣ የአንድ ሰው ጉዳይ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አገልጋዩ ግማሽ ጊዜው ከተያዘ፣ ሰው ከሰልፉ ጋር በአማካይ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። 90 ከመቶ ከተያዘ አሥር ደቂቃ። 95 ከመቶ ሲሆን ሃያ። 99 ሲሆን መቶ ደቂቃ።

አያችሁ? ከ90 ወደ 99 ለመድረስ የተጨመረው ሥራ ትንሽ ነው፤ መጠበቁ ግን አሥር እጥፍ ሆነ። ጠዋት ደህና የነበረ ሰርቨር ሦስት ሰዓት ላይ «ድንገት» የሚወድቀው በዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ላይም ታሞ ነበር፤ ሰልፉ ስላልረዘመ አላየነውም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቢሮ የሚሳሳተው። ከብቱ በእውነት ከበዛ ሁለተኛ ገንዳ ይገዛል፤ ትክክል ነው። ገንዳው ከሥር የሚያፈስ ከሆነ ግን ሁለተኛውም ይፈስሳል። ስለዚህ ከ«ምን ያህል ሥራ በዝቶበታል?» በፊት «ምን እየሠራ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

*

ፊደል ካልተደረደረ መዝገብ አይገኝም

ዳታቤዝ ከባድ ቃል ይመስላል እንጂ መዝገብ ቤት ነው። የድሮ መዝገብ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ፋይሉ በፊደል ተራ ከተደረደረ ሐሰንን ለማግኘት ወደ ሐ መደርደሪያ ትሄዳለህ። ካልተደረደረ ከመጀመሪያው ፋይል እስከ መጨረሻው ታገላብጣለህ።

ተራ ደግሞ ስምምነት ይፈልጋል። እኛ ራሳችን ሁለት ተራ ያለን ሕዝብ ነን። ልጅ የሚቆጥረው ሀ ለ ሐ መ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን የደረደሩት ግን በአ በ ገ ደ ነው። በሀ ለ ሐ መ የለመደ ሰው ያንን መጽሐፍ ሲከፍት ቃሉ የጠፋ ይመስለዋል። ቃሉ ቦታው ላይ ነው፤ እሱ ነው ተራውን ያላወቀው። ይህን ያዙልኝ፤ ከታች ይመጣል።

ሩዶልፍ ባየር እና ኤድዋርድ ማክሬት የሚባሉ ሁለት ሰዎች በቦይንግ የምርምር ክፍል ሲሠሩ፣ ኮምፒውተር ትልልቅ መዝገቦችን እንዴት ተደርድረው ሊይዝ እንደሚችል አሰቡ፤ በ1972 እ.አ.አ. አሳተሙት። ቢ-ትሪ ይባላል። ዛሬ ኢንዴክስ የምንለው አብዛኛው በእሱ መንገድ የተሠራ ነው። ሐሳቡ ይኸው ነው፦ አንድ ገጽ መቶ አቅጣጫ ያሳያል እንበል፣ እያንዳንዱ አቅጣጫ ሌላ መቶ፣ ያም ሌላ መቶ። ሦስት ገጽ ብቻ ገልጠህ ከአንድ ሚሊዮን ስም አንዱን ታገኛለህ። ኢንዴክሱ ከሌለ ወይም ካልሠራ ሚሊዮኑንም ታያለህ። ያኔ ሲፒዩው ቢጮህ ምን ይገርማል?

*

ለማሽኑ መንገድ የሚመርጥለት

ኤድጋር ኮድ የአይቢኤም ተመራማሪ ነበር። በ1970 እ.አ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፣ መረጃው የት እንዳለና በየት በኩል እንደሚደረስበት ማሽኑ ይወቅ አለ። ለተጠቃሚ ደስ ይላል። ለማሽኑ ግን አዲስ ኃላፊነት መጣበት፤ መንገዱን ራሱ መምረጥ አለበት።

አመራረጡን በ1979 እ.አ.አ. ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ እዚያው አይቢኤም አሳዩ። ማሽኑ ፍለጋውን ከመጀመሩ በፊት ይገምታል፦ «በዚህ ስም ስንት ሰው ይኖራል? አንድ ሁለት ከሆነ በኢንዴክሱ ልሂድ። ግማሹ መዝገብ ከሆነ ግን ኢንዴክሱ አያዋጣም፣ ሁሉንም ልየው።» ይህን የሚገምተው ስለ መዝገቡ አስቀድሞ በያዘው ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያው ትክክል ከሆነ መንገዱ ይሰምራል። ከተሳሳተ፣ እጅግ ጎበዝ ማሽን ከሚሴ ለመድረስ በሐረር ዞሮ ይመጣል።

እና የሲፒዩ ችግር ብዙ ጊዜ የመንገድ ችግር ነው። ማሽኑ አልሰነፈም፤ የተሳሳተ መንገድ ላይ በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ ነው።

ባለሙያውም ይህን ለመማር ጊዜ ወስዶበታል። ድሮ የሚታየው አንድ ቁጥር ነበር፦ ማሽኑ ምን ያህል ተይዟል? በ1990ዎቹ እ.አ.አ. መጀመሪያ ኦራክል በሰባተኛው እትሙ እያንዳንዱ ሥራ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ማሳየት ጀመረ። ማይክሮሶፍትም በኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 ላይ፣ አሁን የሚሮጠው ጥያቄ የትኛው ነው፣ እስካሁን ስንት ሲፒዩ በላ፣ በየት መንገድ ሄደ የሚለውን ከውስጥ የሚያሳዩ ሰንጠረዦች አወጣ። ከዚያ ወዲህ «መቶ ከመቶ ሆነ» ብሎ ዝም ማለት «ሰውዬው ትኩሳት አለው» ብሎ ምርመራ ሳያዙ እንደ መሸኘት ነው።

እኔ በመጀመሪያው ቀን የሠራሁትን ስሕተት አሁን ታዩታላችሁ። ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራ እነዚህ መረጃዎች አብረው ተሰረዙ። አሻራውን የጠረግኩት እኔው ነኝ።

*

ሐጂ የተናገሩት

በሁለተኛው ቀን ሳላጠፋ ተቀመጥኩና ሰንጠረዦቹን ከፈትኩ። አብዛኛውን ሲፒዩ የሚበላው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ሰውን በስሙ መፈለግ። የሚገርመው፣ የስሙ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ አለ። ማሽኑ ግን እንዳላየ ያልፈዋል። ኢንዴክሱን እንደ አዲስ ሠራሁት፣ ማጠቃለያውን አደስኩ። ምንም።

ያን ጊዜ ነው ሐጂ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽን አማርኛ ሲያይ ነው የሚታመመው።»

ሳቅሁ። «እንዴት ሐጂ?»

«በቁቤ የተጻፈ ስም ስጠይቀው አይኔን ሳልጨፍን ያመጣልኛል። በአማርኛ የተጻፈውን ስጠይቀው ይጮሃል። ወር ሙሉ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዝም አልኩ። የዞናችንን ነገር ታውቃላችሁ፤ ሥራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ እሱም ከ1984 ዓ.ም ወዲህ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይጻፋል። አማርኛውም አለ፤ የቆየው ሰነድና ከሌላ አካባቢ የመጣው ሰው ስም በእኛው ፊደል ነው። ስለዚህ አንድ መዝገብ ውስጥ ሁለት ፊደል ይኖራል። ሌላ አገር ቢሆን ሁሉም ስም በአንድ ፊደል ስለሚሆን ልዩነቱን የሚያይ ሰው አይኖርም ነበር። የኛ ዞን ድብልቅነት ነው በሽታውን ያጋለጠው።

ማሽኑን በቀጥታ ጠየቅሁት፦ «አበበ» እና «ፋጡማ» እኩል ናቸው?

«አዎ» አለ።

«ከሚሴ» እና «ሮቢት»?

«አዎ።»

«ሐሰን» እና ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ቃል?

«አዎ።»

ወይ ጉድ! ወላሂ ላቤ ነው የመጣው። ለዚህ ማሽን በእኛ ፊደል የተጻፈ ስም ሁሉ አንድ ነው፤ እንዲያውም ምንም ነው።

*

ፊደላችን እንዴት ገባ?

ይህ እንዴት ሆነ? እዚህ ጋ ነው ታሪኩ።

ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር መጀመሪያ የገባው በመልክ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.አ.አ. ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ አገር ቤትም ውጭም ያሉ፣ ደክመው የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የማያስታውስ የቢሮ ሰው የለም። ሥራቸው ትልቅ ነበር። ማሽኑ ግን ከውስጥ ያስቀመጠው የላቲን ፊደሎችን ኮድ ነው፤ ፎንቱ ነው ሀ እና ለ አስመስሎ የሚያሳየን። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ያልታወቀ የላቲን ዝብርቅርቅ የምታየው ለዚህ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

በ1999 እ.አ.አ. ዩኒኮድ ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ትልቅ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሀ በየትም አገር ሀ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ከ1998 እ.አ.አ. ከሰባተኛው እትሙ ጀምሮ ዩኒኮድ ጽሑፍ ማስቀመጥ ይችል ነበር።

ነገር ግን ማስቀመጥ አንድ ነው፣ መደርደር ሌላ ነው። ማሽን ሁለት ቃል እኩል መሆናቸውን፣ ወይም የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ኮሌሽን የሚባል የተራ ሠንጠረዥ ያያል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ክብደት ተሰጥቶታል። በ2000 እ.አ.አ. አካባቢ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ላይ የእኛ ፊደል ክብደት አልተሰጠውም። ክብደት የሌለውን ፊደል ማሽኑ ሲያወዳድር ይዘለዋል። «አበበ ከበደ» ሲሰጡት የሚታየው መሐሉ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ ብቻ ናት። የአለቃ ኪዳነ ወልድን መጽሐፍ ያለ ተራው እንደከፈተው ሰው ነው፤ ቃሉ አለ፣ ማሽኑ ግን ቦታውን አያውቅም።

በኋላ ተስተካከለ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.አ.አ. ገበያ ሲወጣ ከአማርኛ ድጋፍና ኒያላ ከሚባለው ፎንት ጋር መጣ። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ደግሞ በስማቸው ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ያለባቸው አዳዲስ ሠንጠረዦች ይዞ መጣ፤ እነዚያ ፊደላችንን ይለያሉ።

ታዲያ ለምን ዛሬም? ምክንያቱም ማሽኑ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ላይ ተቀምጦ ሰርቨሩ ሲጫን በራሱ የሚመርጠው አሁንም አሮጌውን ሠንጠረዥ ነው። ድሮ የተሠሩ ዳታቤዞች እንዳይበላሹ ተብሎ እንዲሁ ተትቷል። የሚጭነው ባለሙያ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» ብሎ ካለፈ በ2000 የተሠራው መደርደሪያ አዲሱ ሕንጻ ውስጥ ይገባል። በእኛ አገር ስንቱ ሰርቨር በ«ቀጥል፣ ቀጥል» እንደተጫነ እናንተው ገምቱ። በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወረዳ ኔት መጥቶ ወረዳዎችን በሳተላይት ማገናኘት ከጀመረ ወዲህ ኮምፒውተር እስከ ታች ደርሷል። መሣሪያው ሲደርስ ግን ፊደላችንን ያውቅ እንደሆነ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው።

*

ማሽኑ ውስጥ ምን ሆነ?

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመ።

ሐጂ አንድ ስም ሲፈልጉ፣ ማሽኑ በእኛ ፊደል የተጻፈውን ስም ሁሉ «ይሄም እሱ ነው» እያለ ያወጣዋል። ማጠቃለያውም «በዚህ ዓምድ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው» ይላል፤ ስለዚህ ማሽኑ ኢንዴክሱን መተዉ ከእሱ አንጻር ትክክል ነበር! ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ የተሳሳተ ስም መምጣቱን ድሮ አይቶ ይሆናል፤ ሁሉም ከመጣ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ትክክለኛውን እንዲለቅም አድርጎታል። ስለዚህ ውጤቱ ትክክል ነው፣ ድካሙ ግን ለአንድ ሰው ሙሉ መዝገብ ነው።

የሰኔው ሥራ ደግሞ የባሰ ነበር። ሁለት የስም ዝርዝር በስም ይገጣጠማል። አንድ ሺህ ስም ከአንድ ሺህ ስም ጋር ሲገጣጠም በትክክል ከሆነ አንድ ሺህ ጥንድ ይወጣል። ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል ነው ካልክ ግን አንድ ሚሊዮን ነው። ያኔ አዲስ ሰርቨር ቢገዛ ኖሮ ሚሊዮኑን ጥንድ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይሠራ ነበር፤ በቃ። ብሩም ወጥቶ፣ ዶላሩም ወጥቶ፣ በቀጣዩ ሰኔ ያው ጩኸት።

ደግነቱ መዝገቡ ሲታረም የሚታረመው በመለያ ቁጥር ነበር። በስም ቢሆን ኖሮ «የአበበን ደመወዝ ቀይር» ሲባል የሁሉም ይቀየር ነበር። ከፍጥነት የከፋ ነገር አለ ማለቴ ለዚህ ነው።

ጥገናው የአንድ ምሽት ሥራ ሆነ። ሠራተኛው ሲወጣ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ወሰድን። ኢንዴክሱን አነሳን፣ የስም ዓምዱን ፊደላችንን ወደሚያውቀው ሠንጠረዥ ቀየርን፣ ኢንዴክሱን መልሰን ሠራን። «አበበ» እና «ፋጡማ» እኩል ናቸው? «አይደሉም።» አልሐምዱሊላህ!

ግን አላለቀም። ሁለት የእኛው ጣጣዎች ቀሩ።

አንደኛው አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደሎቻችን ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። አንዱ «ሰዒድ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሰኢድ»፣ ሌላው «ሠይድ»። ባለሙያዎች ይህን የሚፈቱት ብዙ ጊዜ ፍለጋው ሲጀመር የእያንዳንዱን መዝገብ ስም እየለወጡ በማወዳደር ነው። ያ ደግሞ ኢንዴክሱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ኢንዴክሱ የተደረደረው ባልተለወጠው ስም ነውና ማሽኑ ሁሉንም ማገላበጥ ይገደዳል። የሚሻለው ስሙ ሲመዘገብ አንድ ጊዜ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ለውጦ በተጨማሪ ዓምድ ማስቀመጥና በዚያ መፈለግ ነው። ሰውዬው የጻፈው ስሙ ሳይነካ ይቀመጣል። የሰው ስም አይታረምም!

ሁለተኛው መሐመድ ነው። ከሚሴና ጨፋ ሮቢት ላይ መሐመድ ብለህ ብትጣራ መንገዱ ሁሉ ይዞራል። ማሽኑ ደግሞ ለመጀመሪያው ጠያቂ የመረጠውን መንገድ አስቀምጦ ለቀጣዩም ይጠቀምበታል። መጀመሪያ የተጠየቀው ብርቅ ስም ከሆነ፣ ለአንድ ሰው የተመረጠው ጠባብ መንገድ ለመሐመዶች ሁሉ ይሆናል፤ ያኔ ሲፒዩው እንደገና ይጮሃል። መፍትሔው ስም ብቻውን እንዳይጠየቅ ማድረግ ነው፤ ከአባት ስም፣ ከአያት ስም፣ ከተቻለም ከመለያ ቁጥር ጋር። ፋይዳ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም በአዋጅ ከመጣ ወዲህ ይህ መንገድ ቀርቦልናል።

*

ምን ይዘን እንሂድ?

ሲፒዩ መቶ የሞላበት ሰርቨር ያላችሁ፣ ግዢ ከመጻፋችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

1. አታጥፉት። መጀመሪያ የሚታየውን መዝግቡ። አጥፍቶ ማብራት ጊዜ ይገዛል፣ ማስረጃውን ግን ይሰርዛል።

2. ሲፒዩውን የሚበላው ዳታቤዙ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዴ ፀረ ቫይረሱ ወይም ቅጂ ማውጫው ነው።

3. ብዙ የበላውን ጥያቄ ለዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ወይም ሁለት ነው።

4. በየት መንገድ እንደሄደ እዩ። ኢንዴክስ ከሌለ ለምን እንደሌለ፣ ካለ ለምን እንዳልተጠቀመበት ጠይቁ።

5. በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሰጥታችሁ «እኩል ናቸው?» በሉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

6. የሚሠሩበትን ሰዎች ጠይቁ። መቼ ይጀምራል? ምን ስታደርጉ? በምን ዓይነት ስም?

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራው በእውነት በዝቶ ከተገኘ፣ ያኔ ይገዛ። ገንዳ የሚያንስበት ጊዜም አለ፤ አልክድም።

ስድስተኛዋን መጨረሻ ላይ ያደረግኳት እኔም መጨረሻ ላይ ስለደረስኩባት ነው። መጀመሪያ መሆን ነበረባት። ኤርላንግን፣ ባየርን፣ ሴሊንገርን አንብቤ ሄጄ፣ አጠገቤ ወር ሙሉ መልሱን ይዘው የተቀመጡትን ሰው አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋይል ሲደረድሩ የኖሩ ናቸው፤ ተራ የጠፋበት መዝገብ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

በማግስቱ ማሽኑ ዝም አለ። የግዢው ደብዳቤ ከጠረጴዛው ተነሳ። እኚያ እናትም ማስረጃቸውን ይዘው ሲወጡ ሐጂን «ስሜ ከየት ተገኘ ታዲያ?» ብለው ጠየቋቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነበረ እኮ እናቴ። ማሽኑ ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ ትናንት ማታ አስቆጠርነው» አሏቸው።

ወዳጆች፣ እናንተ ጋ ያለው ሰርቨር ፊደል ቆጥሯል ወይ? ሞክሩትና ከታች ጻፉልኝ። ሰርቨር ሊገዛ ለተዘጋጀ መሥሪያ ቤት የምታውቁት ሰው ካለም አድርሱለት። ሰላም ዋሉ።